የደሴ ዳገትና የደጃፍ ደረጃ

አገርን ዞሮ ማየት የትምህርት ክፍል መሆኑን የማይቀበል ተማሪ የለም። ስለ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ በክፍል ውስጥ የተማረ ሰው ሜዳውን በዐይኑ ሲያየው፥ በመጽሐፍ ያነበበው ነገር ሌላ ክብደት ያገኛል። ይሁን እንጂ ስለ ጕብኝት የሚጻፈውና የሚነገረው ሁሉ አድማጩ ሁለት የጸኑ እግሮች እንዳሉት ቈጥሮ ነው። «ከዚህ ተነሥተህ ዳገቱን ትወጣለህ፤ ከዚያም በደረጃው ትወርዳለህ» ይባላል። በክራንች የሚሄደው፥ በተሽከርካሪ ወንበር የሚቀመጠው፥ ጕልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ግን ይህን ሲሰማ ነገሩ እርሱን እንደማይመለከት ተረድቶ ዝም ይላል።

ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይደለም። የወሎ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ደሴና ኮምቦልቻ ከአራቱም ማዕዘን የሚመጣ ተማሪ የሚኖርባቸው ከተሞች ሆነዋል። ከመካከላችን መራመድ የሚያዳግታቸው ወንድሞችና እኅቶች አሉ። ከመኝታ ቤት ወደ ክፍል፥ ከክፍል ወደ ምግብ ቤት ሲመላለሱ ዓመታቱ ያልቁና ከተማውን ሳያዩት ይመረቃሉ። ለምረቃው ቀን ከሩቅ አገር የሚመጡ እናቶችና አባቶችም አሉን፤ ልጃቸው የኖረበትን ከተማ ማየት ይወዳሉ፥ ነገር ግን ጕልበታቸው ዳገት አይችልም። በ2014 ዓ.ም እስከ እነዚህ ከተሞች የደረሰው ጦርነትም ብዙ ሰው አካሉን አሳጥቶ አልፏል። ስለዚህ የምንጽፈው ለጥቂቶች ብቻ አይደለም፤ ዕድሜ የተሰጠው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ደረጃ ይከብደዋልና።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንወደው አንድ ነገር ነው። ደሴ የዳገት ከተማ ስለ ሆነች «ለእንዲህ ያለ ሰው አትመችም» ሲባል እንሰማለን። ተራራውን ግን መኪና ይወጣዋል። እንግዳውን ደጅ የሚያስቀረው፥ ከመኪናው ወርዶ እስከ አዳራሹ በር ያለው የመጨረሻው አሥር ሜትር ነው። ተራራው የተፈጥሮ ሥራ ሲሆን፥ ደረጃውን የሠራነው እኛ ነን። የሠራነውንም ማሻሻል እንችላለን።

የአገሩ አቀማመጥ

ደሴ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በጦሳ ተራራ ግርጌ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ኮምቦልቻ ደግሞ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላ፥ በቦርከና ሸለቆ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ጠመዝማዛው የሐረጎ መንገድ ነው። ከዚህ አቀማመጥ ለመንገደኛው የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች እናገኛለን።

አንደኛ፦ ኮምቦልቻ ከደሴ ይልቅ ሜዳ ትበዛለች። ስለዚህ ማደሪያን በኮምቦልቻ አድርጎ ደሴን ቀን ቀን እየወጡ መጐብኘት ድካምን ይቀንሳል። በደሴ ማደር የሚሻ ሰው ግን ሆቴሉን ሲመርጥ ከመኝታው ምቾት ይልቅ መኪና እስከ በሩ ድረስ መድረሱን ይጠይቅ።

ሁለተኛ፦ አየሩ ቀላል አይደለም። በደሴ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አራተኛ ያህል ያንሳል፤ በአንድ ትንፋሽ የምንስበው ኦክሲጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በክራንች የሚሄድ ሰው ሁለት እግር ካለው ሰው የበለጠ ጕልበት ስለሚያወጣ፥ ከቆላ የመጣ ከሆነ ቶሎ ይደክማል። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበትም ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ቢያማክር መልካም ነው። የመጀመሪያውን ቀን በኮምቦልቻ ዐርፎ በማግሥቱ መውጣት ሰውነትን ያለማምዳል።

ሦስተኛ፦ ወቅቱን መምረጥ ያስፈልጋል። ወሎ ከክረምቱ ሌላ የበልግ ዝናብም አለው። ጭቃ የተሽከርካሪ ወንበርን ትንንሽ የፊት ጎማዎች ይውጣል፤ እርጥብ ኮብልስቶንም የክራንችን ጫፍ ያንሸራትታል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ መሬቱ የሚደርቅበትና ሰማዩ የሚጠራበት ነው። ለደሴ ጧትና ማታ ግን ጋቢ አይረሳ፤ ተቀምጦ የሚውል ሰው ከሚራመደው ይልቅ ይበርደዋል።

መንገድና መጓጓዣ

ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳ በመኪና ወይም በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ሊደርስ ይችላል። በአውሮፕላን ለሚመጣ ሰው የምንሰጠው ምክር፥ ረዳት ወንበር የሚያስፈልገው መሆኑን ቲኬቱን ሲቈርጥ እንዲናገር ነው። በትንሽ ማረፊያ አውሮፕላኑ ሜዳው ላይ ቆሞ በደረጃ ስለሚወጣበት፥ ሰው የሚያግዘው መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል። የራሱ ወንበር ከዕቃ ጋራ ስለሚጫን፥ መቀመጫውን ትራስና ተነቃይ የሆነውን የእግር ማሳረፊያ ነቅሎ ይዞ ቢገባ ሳይጠፉበት ይደርሳሉ።

አገር አቋራጭ አውቶቡስ ወለሉ ከፍ ያለ፥ መወጣጫውም ጠባብ ነው። በዚህ ለመምጣት የቈረጠ ሰው የፊተኛውን ወንበር አስቀድሞ ይያዝ፤ ግፊያው ሳይጀመርም ከሁሉ በፊት ይግባ።

በከተማው ውስጥ ከሁሉ የሚሻለው ባጃጅ ነው። ወለሉ ዝቅ ያለ፥ ጎኑም ክፍት ስለ ሆነ፥ ከተሽከርካሪ ወንበር ወደ ባጃጅ መቀመጫ በጎን መሸጋገር ይቻላል። የሚታጠፍ ወንበር ከሆነ አጥፎ ከአጠገብ ማስቀመጥ ነው። ሚኒባስ ታክሲ ግን ተጐንብሶ የሚገባበትና ረዳቱ የሚቻኰልበት ስለ ሆነ፥ በክራንች ለሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ አይመችም። ሐረጎን ለመውጣትና ሩቅ ቦታ ለመሄድ ሦስት አራት ሆኖ ኮንትራት መኪና መያዝ ወጪውን ያቀላል፤ በፈለጉበትም ቦታ ለማቆም ነጻነት ይሰጣል።

የሚታየው ምንድር ነው?

መጀመሪያ መንገዱ ራሱ ይታያል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ መኪናው 650 ሜትር ያህል ከፍታ ይቀበላል። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ሸለቆው እየሰፋ፥ ከተማው እያነሰ ይሄዳል። ለዚህ አንድም እርምጃ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የፊት ወንበርና ሰፋ ባለ ጥግ ላይ መኪናውን ለማቆም የማይሰለች ሾፌር ብቻ ነው። ባለ እግሩ መንገደኛ ተኝቶ የሚያልፈውን፥ ተቀምጦ የሚጐበኘው ሰው ረጋ ብሎ ሊያየው ይችላል።

ደሴ ስሟን ያገኘችው ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እንደ ሆነ ይተረካል፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1870ዎቹ በዚህ ሰፍረው ሳሉ ጅራታም ኮከብ ታይቶ፥ «ደስታዬ» ለማለት ደሴ አሏት ይባላል። ከተማይቱን ያሳደጓት ግን በ1906 ዓ.ም የነገሡት የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜም፥ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም፥ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በከተማይቱ ሳሉ ደሴ በአውሮፕላን ተደብድባለች። ይህን ታሪክ ለማየት ሁለት ቤቶች ይጐበኛሉ።

የመጀመሪያው ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው። ስሙ «አይጠየፍ» ይባላል። ትርጕሙ ግልጽ ነው፤ ሀብታሙን ከድኻው፥ ባለማዕረጉን ከተራው ሳይለይ ሁሉን የሚቀበል፥ ማንንም የማይጸየፍ ማለት ነው። የአዳራሹ ትልቅነት ከውጭም ሆኖ ስለሚታይ፥ መኪና በሚደርስበት ቦታ ቆሞ ማየትም ዋጋ አለው። ሁለተኛው የደሴ ሙዚየም ነው። ቤቱ ቀድሞ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ነበር። በ2014 ዓ.ም ጦርነት ቅርሶቹ ስለ ተዘረፉ፥ ሙዚየሙን መጐብኘት ያለፈውን ዘመን ብቻ ሳይሆን በእኛው ዕድሜ የጠፋውንም ማሰብ ሆኗል።

ከደሴ በስተ ሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ቦሩ ሜዳ ይገኛል። በ1870 ዓ.ም ዐፄ ዮሐንስና ምኒልክ በተገኙበት የሃይማኖት ጉባኤ የተደረገው በዚህ ነው። ቦታው እንደ ስሙ ሜዳ ስለ ሆነ ለጎማ የሚስማማ ነው። የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ደግሞ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን በማከም የታወቀ ነው። በየአገሩ የተገለሉ ሰዎች እጅና እግራቸው እየተጐዳ ሕክምና ፍለጋ የመጡበት ስፍራ መሆኑን ማወቅ፥ ለጕዳያችን ከጉባኤው ታሪክ የማያንስ ትምህርት ይሰጣል።

ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሐይቅ ባሕር አለ። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያቋቋሙት የእስጢፋኖስ ገዳም በዚያ ይገኛል። ሴቶች ወደ ወንዶቹ ገዳም እንደማይገቡ ይታወቃል፤ ባሕሩን ግን ማንም ከዳር ተቀምጦ ሊያየው ይችላል። ወደ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ ወደ መስጊድ ለሚገባ ሰው ጫማ ማውለቅ ሥርዐት ስለ ሆነ፥ በክራንች የሚሄድ ሰው ንጹሕ የክራንች ጎማ በትርፍ ቢይዝ፥ በወንበር የሚሄድም ጎማውን የሚጠርግበት ጨርቅ ቢይዝ፥ ከቦታው አገልጋዮች ጋራ መግባባት ይቀልለታል።

ሰኞ ቀን የዋለለት ሰው ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ የባቲን ገበያ ቢያይ ይጠቀማል። የአፋሩ፥ የኦሮሞውና የአማራው ነጋዴ ከብቱንና ግመሉን ይዞ የሚገናኝበት ገበያ ነው። ገበያው መካከል ግፊያና ድንጋይ ስለሚበዛ በማለዳ ደርሶ ከዳር መቆም ይሻላል። ሐሩሩም ከደሴ የተለየ ነው። ከሙዚቃችን ቅኝቶች ሁለቱ፥ ባቲና አምባሰል፥ ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ከወሎ ምድር መሆኑን ስናስብ፥ ማታ ተቀምጦ እነርሱን ማድመጥም የጕብኝቱ ክፍል ነው እንላለን።

ስለ ቁማር ቤትና ስለ አይጠየፍ

መራመድ ለሚያዳግተው መንገደኛ ብዙ ከተጻፈላቸው የዓለም ከተሞች አንዷ በአሜሪካ የኔቫዳ በረሃ ያለችው ላስ ቬጋስ ናት። ይህች የቁማርና የመዝናኛ ከተማ የተሠራችው በሰፊ ሜዳ ላይ ነው። የትላልቆቹ ሆቴሎች በሮች ሰፋፊዎች ናቸው፤ አውራውን ጎዳና የሚሻገሩት የእግረኛ ድልድዮችም አሳንሰር አላቸው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1990 የአካል ጉዳተኞችን ሕግ ካወጣች ወዲህ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ቤት ለሁሉ የሚመች መሆን አለበት። ይሁን እንጂ በዚያም ችግር አይጠፋም፤ ሕንፃዎቹ ግዙፎች ስለ ሆኑ ቅርብ ይመስላሉ፥ ሲሄዱባቸው ግን ይርቃሉ።

የቁማር ቤት ባለቤት ደረጃውን ከደንበኛው ፊት የሚያነሣው ሕግ ስላስገደደው ብቻ አይመስለንም። በወንበር የሚመጣውም ሰው ኪስ አለው፤ ደረጃ ካገደው ገንዘቡ ከደጅ ይመለሳል። እንግዲህ ፍርዱን ለአንባቢ እንተዋለን። ቁማር ቤት ለእንግዳው ገንዘብ ሲል በሩን ካስተካከለ፥ «አይጠየፍ» የሚል አዳራሽ ያለን እኛ ለእንግዳው ክብር ስንል ምን ልናደርግ ይገባናል?

«እኛ እኮ እንሸከማለን» የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። እውነት ነው፤ በአገራችን አንድ ሰው ደረጃ ሥር ቆሞ ከታየ አራት ሰው ሳይጠራ ይደርሳል። ይህ መልካም ልማድ ነውና አይጥፋ። ነገር ግን ሰውን መሸከምና ለሰው መንገድ መስጠት አንድ አይደሉም። ሸክም የሆነ ሰው መግባት ሲፈልግ ሰው ይለምናል፤ መውጣት ሲፈልግ እንደ ገና ይለምናል፤ ወደ ሽንት ቤት ለመሄድም እንዲሁ። ብዙዎች «ይቅርብኝ» የሚሉት ጕብኝት ጠልተው ሳይሆን ልመናው ሰልችቷቸው ነው።

የደጃፉ ሒሳብ

ነገሩ ከሚመስለው ይልቅ ቀላል ነው። ሰው በራሱ ክንድ እየገፋ ለሚወጣው መወጣጫ በብዙ አገር የሚሠራበት ልክ አንድ ለአሥራ ሁለት ነው፤ ይኸውም ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ማለት ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ለሆነ አንድ ደረጃ 1 ሜትር ከ80 ይበቃዋል። ሦስት ደረጃ 45 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 5 ሜትር ከ40 ይፈልጋል። በሩ ተከፍቶ ቢያንስ 80 ሳንቲ ሜትር ማሳለፍ አለበት፤ ወንበሩ ዞሮ እንዲመለስም 1 ሜትር ከ50 በ1 ሜትር ከ50 የሆነ ባዶ ቦታ ያስፈልገዋል። የኮንስትራክሽን ተማሪ ባይሆንም ሜትር መያዝ የሚችል ሁሉ ይህን ሊለካ ይችላል።

ስለዚህ እንግዳ ከማምጣታችን በፊት አንዳችን ቀድመን ሄደን ወይም ስልክ ደውለን አራት ነገር እንጠይቅ። መኪና እስከ ምን ያህል ይቀርባል? ከመኪናው እስከ ውስጥ ስንት ደረጃ አለ? በሩ ስንት ሳንቲ ሜትር ይከፈታል? ሽንት ቤቱ መቀመጫ ያለው ነው ወይስ የቁጢጥ? «ይመቻል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ለሚሮጥ ሰው ሁሉ ነገር ይመቻልና።

ደረጃ ግድ የሆነ ጊዜ ደግሞ አረዳዱን ማወቅ ይገባል። ከሁሉ በፊት ባለቤቱን «እንዴት ላግዝዎ?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ ሰውነቱንና ወንበሩን ከእኛ ይልቅ ያውቃል። የሚያዘው የወንበሩ ጽኑ ብረት ነው፤ ተነቃይ ክንድ ወይም የእግር ማሳረፊያ ከያዙ እጅ ላይ ይቀራል። በደረጃ ሲወጣም ሆነ ሲወረድ የተቀመጠው ሰው ጀርባው ወደ ላይ፥ ፊቱ ወደ ታች ይሁን፤ አንዱ ከኋላ እጀታውን፥ ሌላው ከፊት ብረቱን ይይዛል። ደረጃ በሌለው ጠንካራ ቍልቍለት ላይ ግን ገፊው ራሱ ወደ ኋላ እየተራመደ ወንበሩን በጀርባው ያወርደዋል፤ አለዚያ ሰውየው ወደ ፊት ሊወድቅ ይችላል። በክራንች የሚሄደውን ክንዱን መያዝ ሚዛኑን ያስተዋል፤ ከጎኑ ቀረብ ብሎ መሄድ ይበቃል።

ሕጉ ምን ይላል?

ይህ የልግስና ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን ሕጉንም እንይ። በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቍጥር 624/2001 ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው፥ የሽንት ቤቱም በቂ ክፍል ለእነርሱ ተስማሚ እንዲሆን ደንግጓል። አገራችን በ2002 ዓ.ም የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቍጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ 30ኛ አንቀጽ አካል ጉዳተኞች ወደ ሙዚየምና ወደ ቤተ መጻሕፍት፥ ወደ ጕብኝት አገልግሎት፥ በተቻለ መጠንም ወደ ታሪካዊ ቅርሶች የመግባት መብት እንዳላቸው ይናገራል። እንግዲህ አይጠየፍን ማየት ለአንዱ ሽርሽር፥ ለሌላው ምጽዋት ሊሆን አይገባም፤ ለሁለቱም እኩል መብት ነው።

የጥንቱን ቤት አፍርሰን እንሥራው አንልም። ቅርስ ሲነካ አዋቂ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ግድግዳውን ሳይነኩ የሚቀመጥና የሚነሣ የእንጨት ወይም የብረት መወጣጫ አናጢና በያጅ በአጭር ጊዜ ይሠራዋል። ይህ ለማይሆንበት ቦታ ደግሞ ፎቶግራፍና ጽሑፍ በምድር ቤት ማሳየት ይቻላል።

ለማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ

አንደኛ፥ ከየክፍሉ ሁለት ሁለት ተማሪ ሜትር ይዞ፥ በደሴና በኮምቦልቻ እንግዳ የሚቀበሉትን ቤቶች ደጃፍ ይለካ፤ የደረጃው ብዛት፥ የበሩ ስፋትና የሽንት ቤቱ ሁኔታ በአንድ ወረቀት ተባዝቶ ለአዲስ ተማሪና ለምረቃ እንግዳ ይሰጥ። በልኬታውም ላይ መራመድ የሚያዳግታቸው ጓደኞቻችን ከፊት ይሁኑ፤ የጫማውን ጥበት የሚያውቀው ያደረገው ነው። ሁለተኛ፥ በየኅብረቱ የሚዘጋጀው ጕዞ ከአሁን በኋላ መኪና የሚደርስበት አንድ ቦታ ሳይጨምር አይውጣ። ሦስተኛ፥ የኮምቦልቻው ግቢ የምሕንድስና ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራቸው አንድ ተነሺ መወጣጫ ነድፈው ቢሠሩ፥ ወረቀቱ በመደርደሪያ ከሚቀር ይልቅ ሰው ይሻገርበታል።

ደሴ ዳገቷን አታጣም፤ እኛም ጦሳን ዝቅ አናደርግም። 15 ሳንቲ ሜትር ግን ዝቅ ማድረግ እንችላለን። የዘንድሮው ምረቃ ሳይደርስ ቢያንስ በአንድ ደጃፍ እንጀምር።